የኔስቪክ ቅመም

ሃልቮር ኔስቪክ ዓሣ በሌለበት ዓሣ እንዲያጠምድ የተቀጠረ ሰው ነበር። ሥራውን አክብሮ ይሠራል፤ ቆሽቱ ግን ያርራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃሊበት የሚባለውን፣ ሲያድግ በር የሚያክለውን ጠፍጣፋ ዓሣ የሚቆጣጠረው ኮሚሽን የራሱ መርከብ የለውም። በብርዱ ወራት ጨረታ አውጥቶ ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ይከራያል፤ ከነካፒቴኑ፣ ከነሠራተኛው፣ ከነገመዱ። የተከራየው ጀልባ በጋውን ሁሉ ባሕር ላይ ሲዞር ይከርማል። የሚዞረው ግን ዓሣ ፍለጋ አይደለም። ኮሚሽኑ የባሕሩን ካርታ እንደ ዳማ ገበታ እኩል እኩል ከፋፍሎ በየመገናኛው ነጥብ አስቀምጦበታል። ነጥቡ የዓሣ መንደር ላይ ካረፈ እሰየው፤ ጭቃ ላይ ካረፈም ያው ነው፣ ጭቃው ይጠመዳል። መንጠቆው አንድ ዓይነት፣ የገመዱ ርዝመት አንድ ልክ ነው። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ጉርሻም ኮሚሽኑ ራሱ በበረዶ አቀዝቅዞ የሚያመጣው ሳልሞን የሚባል ዓሣ ነው። አምናና ዘንድሮ በእኩል ካልተጠመደ ዓሣው ይብዛ ይነስ አይታወቅም። በሚቀጥለው ዓመት ከየባሕሩ ምን ያህል ዓሣ ይውጣ የሚባለውም በዚሁ ነው።

ይህን ሕፃንም ይረዳዋል። ሃልቮርም ተረድቶታል። አልረዳ ያለው እጁ ነው። እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው መሪውን ዓሣ ወዳለበት ማዞር ነው፤ ኮሚሽኑ ደግሞ የቀጠረው እንዳያዞር ነው።

የተወለደው በእኛው በሆልም ወደብ ነው፤ አላስካ ውስጥ፣ ከጫካውና ከባሕሩ መሐል በምሰሶ ላይ ከቆሙት ቤቶች በአንዱ። አያቱ ከኖርዌይ ሲመጡ አንድ ሻንጣና ብዙ ዝምታ ይዘው መጡ ይባላል፤ ሻንጣው መንገድ ላይ ጠፋ። አባቱ አንደርስ ዝምታውን ወረሱ፣ ጀልባ ጨመሩበት፣ ጀልባዋንም በሚስታቸው ስም ራግና አሏት። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ሃልቮርን፣ ቀጥሎ ስቬሬን። ሁለቱም ያደጉት ባሕር እንዳይወድቁ ወገባቸው በገመድ ከጀልባዋ ምሰሶ ጋር ታስሮ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው፤ ክፉ የሚለውም የለም።

አንደርስ ኔስቪክ ቅመም ነበራቸው። በወደባችን ደህና አጥማጅ የሚባል ሁሉ ጉርሻውን መንጠቆ ላይ ከመስካቱ በፊት የሚቀባው የራሱ ነገር አለው። አንዱ ያረጀ የዓሣ ዘይት ይቀባል፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ የሚስቱን ሽቶ። ሰው ቤቱን ሳይቆልፍ አገር ጥሎ ይሄዳል፤ ቅመሙን ግን ይቆልፋል። ከሁሉም ስሙ የገነነው የኔስቪክ ቅመም ነበር። ሽማግሌው ከማንም በላይ ያጠምዱ ስለነበር "ቅመሙ ነው" ተባለ፤ እርሳቸውም አልካዱም።

ሊሞቱ ሲሉ ሃልቮርን ብቻ አስጠሩት። በሩን አስዘግተው በጆሮው ነገሩት። ስቬሬ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሃልቮር ሲወጣ ስቬሬ "ምን አሉህ?" ብሎ ጠየቀው። "ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል" አለው ሃልቮር። ስቬሬ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ቃል አልተለዋወጡም። አባታቸውን ቀበሩ፣ እናታቸውን ቀበሩ፣ አንዱ በሌላው ሠርግ ላይ ተገኝቶ በላ፤ ሁሉንም በዝምታ።

በትንሽ ከተማ መኳረፍ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ስቬሬም ካፒቴን ነው። ዝናብ ሲበረታ፣ እኛ ዘንድ የማይበረታበት ቀን የለም፣ ካፒቴኖቹ ሁሉ የሚሰበሰቡት በወደቡ ሹም ቢሮ ምድጃ ዙሪያ ነው። ወንበሩ ጥቂት ስለሆነ ሁለቱ ወንድማማቾች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይደርሳቸዋል።

"ለዚያ ሰውዬ ክርኑን ሰብሰብ ያድርግ በሉት" ይላል ስቬሬ።

"ሰብስቧል በሉት" ይላል ሃልቮር።

የወደቡ ሹም መልእክቱን ማድረስ ከተወ ቆይቷል። ሁለቱም ጆሮ አላቸው።

ሃልቮር ሲግኔን አገባ። ሲግኔ ፖስታ ቤት ትሠራለች፤ የሰው ጉዳይ ከባለቤቱ በፊት ይደርሳታል። ባልሽ በየብስ ላይ ምን ዓይነት ሰው ነው ሲሏት "አላውቅም፣ አይቼው አላውቅም" ትላለች። ቢያዩትም የሚወደድ አይደለም። አንድ ጊዜ መደርደሪያ ልስቀል ብሎ መስኮት አወረደ። ልቡ ታሞ በቀዶ ሕክምና በታከመበት ዓመት ሐኪሙ ከባሕር ርቆ እንዲከርም አዘዘው፤ እሱም ታዞ ከረመ። ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ተቀምጦ ሲግኔ ስትከትፍ አከታተፏን ያርማል። ብርዱ ሲያልፍ ሲግኔ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ "ወይ እሱን ወደ ባሕር ይመልሱልኝ፣ ወይ ለእኔ የሚዋጥ ነገር ይዘዙልኝ" አለችው።

ሐኪሙ መለሰው። ችግሩ ሃልቮር በሕመሙ ጊዜ የማጥመድ ድርሻውን፣ በየዓመቱ እንዲያወጣ የተፈቀደለትን ልክ፣ ሸጦት ነበር። ድርሻ የሌለው ሰው ሃሊበት ቢያጠምድ ሌባ ነው፤ ስለዚህ ጀልባ ያለው፣ ማጥመድ የማይችል ሰው ሆነ። አንድ ባለሆቴል ራግናን ገዝቶ ደጁ ላይ ሊያቆማትና አበባ ሊተክልባት ጠየቀው። ሃልቮር ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታ ነፈገው። ያኔ ነው የኮሚሽኑ ጨረታ የወጣው። ለሳይንስ የሚያጠምድ ጀልባ ድርሻ አይጠየቅም።

ጨረታውን ሃልቮር አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ስቬሬ ነበር። የአንደኛው ውል ከፈረሰ ሥራው ለሁለተኛው ያልፋል። እንግዲህ ሃልቮር ውሉን ቢያጣ በእናቱ ስም በምትጠራው ጀልባ ላይ አበባ ይተከላል፣ ሥራውን ደግሞ ወንድሙ ይረከበዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስበት ሲግኔ ስትጠይቀው ጀልባዋን ሊያጥብ ወጣ።

የመጀመሪያውን በጋ እንደ መነኩሴ ሠራ። ኮሚሽኑ ዴልያ የምትባል ተመራማሪ አሳፈረበት። የበቆሎ አገር ልጅ ናት፤ ባሕር ያየችው ትምህርት ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ማዕበል አይነካትም፣ ሳቅም እንደዚሁ። የወጣውን ዓሣ ሁሉ ትለካለች፣ ከራስ ቅሉ ውስጥ የጆሮውን ድንጋይ አውጥታ በብልቃጥ ታስቀምጣለች፤ የዛፍ ግንድ ላይ እንዳለው ቀለበት የዓሣው ዕድሜ ድንጋዩ ላይ ይነበባል። ሌላው ሠራተኛ ኤልሮይ ነው፤ ከራግና ጋር ያረጀ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ገመዱን እየሳበ መንጠቆ በመንጠቆ የወጣውን ይጠራል።

"ባዶ" ይላል ኤልሮይ። "ባዶ። ባዶ። የባሕር ኮከብ። ባዶ። አለቃ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ድንጋይ።"

"ልጄ" ይላል ሃልቮር ለዴልያ፣ "ከዚህ ትንሽ ወደ ሰሜን ብንል እኮ ጉድጓድ አለ። ዓሣው እዚያ ተኝቷል።"

"አውቃለሁ፣ ካፒቴን። ነጥቡ ግን እዚህ ነው።"

"እዚህ ዓሣ የለማ!"

"እሱን ነው የምንጽፈው።"

ሃልቮር ዕድሜውን ሙሉ አለመኖርን ለመጻፍ ባሕር የወጣ ሰው አይቶ አያውቅም። ግን ውሉን ያስብና ወደ ጉርሻ ቆረጣው ይመለሳል። ምሳ ላይ ድንቹን በሹካ ሲደቁሰው ይታያል።

ለጥናት የወጣው ዓሣ ወደብ ላይ ለፋብሪካው ስለሚራገፍ ከተማው ሁሉ ያያል። አንድ ቀን ራግና የያዘችውን አራግፋ ስትጨርስ የፋብሪካው ድመት እንኳ ሳትነሳ ቀረች። ሃልቮር ልብሱ ሳይደርቅ ምድጃው ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ።

"ለዚያ ሰውዬ ንገሩት" አለ ስቬሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ባሕሩ ውስጥ ውኃ መኖሩን ስላረጋገጠልን ከተማው ያመሰግናል።"

ቢሮው በሳቅ ሞላ። ሃልቮር ይህን ችሎ ነበር። ስቬሬ ግን ጨመረበት፤ "ሽማግሌው ቅመሙን ለማን እንደሰጡ ይኸው ታየ። ለእኔ ቢሰጡኝ ኖሮ ድንጋዩም ይበላ ነበር።"

ሃልቮር ተነሥቶ ወጣ። ወንበሩም ወዲያው ተያዘ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። ውሉ በእጁ፣ ራግና በእጁ፣ ልቡ ደህና፣ ሲግኔ ደስተኛ። ከዚህ በላይ የጎደለው ነገር ቢኖር የሰው አፍ መዝጋት ነው፤ ሰው የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው። በሁለተኛው በጋ ሃልቮር የአባቱን ቅመም በብልቃጥ ይዞ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ዴልያ የዝናብ ልብሷን ስትለብስ እሱ የኮሚሽኑ ሳልሞን በረዶው ወደሚቀልጥበት በርሜል ጠጋ ይልና ጠብ ጠብ ያደርጋል። ጉርሻ መቁረጥ የካፒቴኑ ሥራ ስለነበር የጠረጠረ የለም። አፍንጫ ግን አለ።

"አለቃ፣ እዚህ ጀልባ ላይ የሆነ ነገር ሞቷል" አለ ኤልሮይ።

"ካልሲህ ነው" አለው ሃልቮር።

ዴልያ ትንሽ አሸተተችና "ኤልሮይ፣ ካልሲህን እጠብ" አለች።

ኤልሮይ አጠበ። በማግስቱም አጠበ። በጋውን ሁሉ ንጹሕ ካልሲ ሲያደርግ ከረመ፤ ሽታው ግን አለቀቀውም። ውሎ አድሮ እግሬን የሆነ በሽታ ይዞታል ብሎ ራሱን ጠረጠረ።

ዓሣውስ? ዓሣው መጣ። አምና ድንጋይ በወጣበት ነጥብ ላይ ሃሊበት ወጣ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ተከትሎ ነጭ ሆዱን እያሳየ። ኤልሮይ "ባዶ" የሚለውን ቃል እየረሳው ሄደ። ዴልያ የጆሮ ድንጋይ የምታስቀምጥበት ብልቃጥ አልቆባት በቡና ስኒ ማስቀመጥ ጀመረች። የሃልቮር አንጀት ቅቤ ጠጣ። ራግና ተጭና ስትገባ ሰው ወደቡ ላይ ወጥቶ ያያታል። ምድጃው ዘንድ ወንበር ይለቀቅለታል። ስቬሬ እሳቱን እያየ ዝም። ሃልቮር ዝምታውን እንደ ጥሩ ምግብ አጣጣመው።

ከዚያ ከተማው ማሰብ ጀመረ። ዓሣው ከበዛ የሚቀጥለው ዓመት ድርሻ ይጨምራል፤ ድርሻው ከጨመረ ገንዘብ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። አንዱ ሞተር አዘዘ፣ አንዱ ልጁን ከትምህርት አስወጥቶ ጀልባ ላይ ሊያሳፍር አሰበ። ሃልቮር ሲሰማ ስለ ዝናቡ ያወራል።

አንድ ምሳ ላይ ሲግኔ የዓሣ ጥብሱን ከፊቱ አስቀመጠችና "ስቬሬ ቤቱን ሊያስይዝ ነው" አለች።

"ለምን?"

"ለጀልባ። ትልቅ ጀልባ ሊገዛ ነው። ያለችውን ሸጧታል። ዓሣው በዝቶ የለም?"

ሃልቮር ማላመጥ አቆመ።

"ምን አደረግህ?" አለች ሲግኔ።

"ምንም።"

"ሃልቮር፣ አንተ 'ምንም' የምትለው የሆነ ነገር ስታደርግ ብቻ ነው። ሳታደርግማ ታወራለህ።"

ሹካውን አስቀመጠ። "ቅመሙን ጨመርሁበት።"

"ምኑ ላይ?"

"ጉርሻው ላይ። በጋውን ሁሉ።"

ሲግኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ቆማ ነው የምትቆጣው፤ ስትቀመጥ ነገሩ ከባድ ነው። "እና ዓሣው አልበዛም ማለት ነዋ። አንተ ነህ የጠራኸው።"

"እንደዚያ ነው።"

"እና ወንድምህ በሌለ ዓሣ ቤቱን ሊያስበላ ነው።"

"ብናገር ውሌ ይፈርሳል፣ ሲግኔ። ሥራውን እሱ ነው የሚወስደው።"

"ይውሰደዋ! ቤት ከማጣት ሥራ ማጣት ይሻላል።"

"ራግናስ?"

ሲግኔ ራግና ላይ ነው የታጨችው፤ ስካንዲናቪያውያን በዓላቸውን በሚያከብሩበት በግንቦቱ ሰልፍ፣ ባንዲራ በተሰቀለባት ቀን። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። "አበባውን እኔ አጠጣዋለሁ" አለች። "ሂድና ንገራት ለልጅቷ።"

በማግስቱ ዴልያ የበጋውን የመጨረሻ ጉዞ ለመውጣት ቢላዋ እየሳለች ሳለ ሃልቮር መጥቶ ፊቷ ቆመ።

"ልጄ፣ ጉርሻው ላይ የሆነ ነገር ጨምሬበታለሁ።"

"መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

"የትኛው ነጥብ ላይ?"

"ሁሉም ላይ።"

ዴልያ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ያ ሽታ..."

"አዎ።"

"ሰማችሁ?" አለ ኤልሮይ ከኋላ። "ሰማችሁ? እኔ እኮ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ! ለሰው እግሬን አሳይቻለሁ!"

የሰማው የለም። ዴልያ ፊቷ ቀልቷል። "ካፒቴን፣ የበጋ ሙሉ ሥራ ነው ያበላሹት። የእኔን ብቻ አይደለም፣ የሌላውን ጀልባ ሁሉ። ከእርስዎ ቁጥር ጋር ነው የሚደመረው። ለምን?"

"ባዶ እጄን መመለስ አልቻልሁም" አለ ሃልቮር። ሌላ ምክንያት ፈልጎ አጣ።

ዴልያ በሬዲዮ አለቆቿን አነጋገረች። አለቆቿ እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ ከዚያ መልስ ሰጡ። ራግና ወደ ነጥቦቹ ትመለስ። ገመዱ ይከፈል፤ አንዱ ጥቅል ቅመም ያለበት፣ ቀጣዩ የሌለበት፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይጣል። ቅመሙ ብዙ ዓሣ ከጠራ የበጋው ቁጥር ይጣላል፣ ውሉም ይፈርሳል። ካልጠራ ግን የተበላሸ ነገር ስለሌለ ቁጥሩም ውሉም ይጸናል፤ ካፒቴኑም ይገሠጻል።

"ይፈርሳል በይኛ" አለ ሃልቮር። ቅመሙን ያውቀዋል።

ዴልያ ብልቃጡን ከእጁ ተቀበለች። ጓንት አድርጋ ራሷ ቀባች፤ ቅመም ባለበት ጥቅል ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች። ሃልቮር ከመሪው እንዳይነቃነቅ ተነገረው፤ አልተነቃነቀም። ገመዱ ባሕር ውስጥ ውሎ መሳብ ሲጀመር ኤልሮይ እየጠራ ነው።

"ቀይ ጨርቅ። ሃሊበት። ባዶ። ሃሊበት። ሃሊበት።"

አየሽ፣ አለ ሃልቮር በልቡ።

"ጨርቅ የሌለው። ሃሊበት። ሃሊበት። ባዶ። ሃሊበት።"

ያጋጥማል፣ አለ ሃልቮር በልቡ።

ወደ ሌላ ነጥብ ሄዱ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ጨርቅ ያለውም ወጣ፣ ጨርቅ የሌለውም ወጣ። ዓሣዎቹ አልለዩም። ሃልቮር ቀይ ጨርቅ ብቅ ባለ ቁጥር መሪውን ጨምቆ "ና፣ ና፣ ና" ሲል ራሱን ሰማው። ያኔ ነው የገባው። ቅመሙ ከሠራ ጀልባዋን ያጣል፤ እሱ ግን ከልቡ እየለመነ ያለው ቅመሙ እንዲሠራ ነው። ራግና ትሸጥ፣ አበባ ይተከልባት፣ ስቬሬ ይሾም፤ ብቻ አባቱ በሞት አፋፍ ላይ በጆሮው የነገሩት ነገር እውነት ይሁን። ይህን ሲያውቅ አፈረ፤ አፍሮም መለመኑን አልተወም።

ብልቃጡ ሲያልቅ ዴልያ ስትደምር ቆይታ ወደ መሪው ክፍል ወጣች።

"ልዩነት የለም፣ ካፒቴን።"

"እንዴት የለም?"

"የለም። ቅመም የሌለበት እንዲያውም ጥቂት በልጧል፤ እሱም ግን ልዩነት አይባልም።"

"እና ዓሣው?"

"ዓሣው ራሱ በዝቶ ነው። ወጣት ዓሣ ነው፤ የጆሮው ድንጋይ ይናገራል። በእርስዎ አይደለም።" ከዚያ ደግነት መስሏት ጨመረች፤ "ደስ ይበልዎት። ጀልባዎ ተርፋለች።"

"ተርፋለች" አለ ሃልቮር።

ወደ ወደብ የተመለሱት ዓሣ ጭነው ነው፤ ሃልቮርን ያየ ግን ሰው ባሕር ጥለው የመጡ ይመስለው ነበር። ሲግኔ ወደቡ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ነገሩን ሲነግራት አንገቱን አቀፈችው፣ ሳቀች፣ አለቀሰችም። እሱ እንደ ምሰሶ ቆመላት። "ደስ አላለህም እንዴ?" ብትለው "አባባን እያሰብሁ ነው" አላት። ኮፍያውን እየደፋም "ስቬሬንም" አለ። ወደ ቤት አልሄደም። በዝናቡ ሽቅብ ወጣ።

የስቬሬ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። ሃልቮር በፊቱ ስንት ዓመት ሲያልፍ ደጁን ረግጦት አያውቅም። አንኳኳ። ስቬሬ በሩን ከፍቶ አየው። ከልማድ የተነሣ መልእክት የሚያደርስለት ሰው ፍለጋ ወደ ኋላ ዞረ፤ ያለው ውሻው ብቻ ነው።

"ጠይቀው እስቲ" አለ ለውሻው፣ "ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?"

"ስቬሬ" አለ ሃልቮር።

ስቬሬ ስሙ ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምቶ የበሩን እጀታ ለቀቀ።

"የአባባ ቅመም አይሠራም። ፈተኑት። ቢቀቡትም ባይቀቡትም ያው ነው።"

"ጥሩ ዘዴ ነው" አለ ስቬሬ። ለውሻው ማውራቱን ረስቶታል። "ይህን ሁሉ ዘመን ቆልፈህ ከርመህ፣ ዛሬ ደጄ መጥተህ አይሠራም በለኝ። እንዳልጠይቅህ ነዋ።"

"የዓሣ ዘይት ነው" አለ ሃልቮር። "የእንስላል ዘይት። ነጭ ሽንኩርት። ትንሽ ሬንጅ። የእኛን የኖርዌዮቹን አረቄ አንድ ማንኪያ። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይከርማል።"

ስቬሬ ወደ ዝናቡ ቀና አለ። "እዚህ አገር ፀሐይ የት አለ?"

"ለዚህ ይሆናል ያልሠራው።"

ማናቸውም አልሳቁም። ውሃው ከሃልቮር ኮፍያ ጫፍ እየተንጠባጠበ ደፉ ላይ ይወርዳል።

"ዓሣው ግን እውነት በዝቷል" አለ ሃልቮር። "እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው። ጀልባህን ግዛ፣ አትስጋ። እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

"ቅመሙን ማን ፈለገው?" አለ ስቬሬ። ድምፁ ተሰበረ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። "አንተ እውነት ቅመም ፈልጌ ያኮረፍሁ ይመስልሃል? እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ የጠበቅሁት አባባ እንዲጠሩኝ ነበር። ስመለስ ደግሞ ሞተዋል።"

ሃልቮር ይህን ሁሉ ዓመት የወንድሙን ኩርፊያ ምቀኝነት ነው ብሎ ተሸክሞት ነበር፤ ከምቀኛ ጋር መኳረፍ ደግሞ አይከብድም። "አባባ ዝም ቢሉም እኔ ልጠራህ ይገባኝ ነበር" አለ። "በሩ ላይ እንዳለህ አውቅ ነበር።"

"ይገባህ ነበር።"

"አዎ።"

ስቬሬ ከበሩ ገለል አለ። "ግባ፣ ዝናብ ነው። ቦቲህን አውልቅ፣ ወለሉ ታጥቧል።"

ሃልቮር ደፉ ላይ ተቀምጦ ሊያወልቅ ሞከረ። ርጥቡ ቦቲ አልወጣ አለው። ስቬሬ ቆሞ ትንሽ አየውና ጎንበስ ብሎ ተረከዙን ያዘና ሳበለት፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።